ባለወፉ ሚስቱን ጫካ የወሰደ ቀን

ባለወፉ ፓፓያ ሲመርጥ ለልጁ ሚስት የሚያጭ ይመስላል። ያገላብጣል፣ ያሸታል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ከኋላው ተራ የያዝነው ሰዎች ማጉረምረም ስንጀምር ፍራፍሬ ሻጯ አላስቻላትም።

"ጋሼ፣ ፓፓያ ነው እኮ! ይበላል እንጂ አይዳርም!"

"አንቺ ልጅ፣ ትዳሬን ያቆመልኝ ይሄ ነው" አለና ነገሩን ከሥሩ ጀመረው። ተራውም እዚያው ቆመ።

ሰውየው ከከተማው ጫፍ ያለው የጥብቅ ደን ጠባቂ ነው። ደኑን ያተረፈው ዛፍ ወዳድ ሰው አይደለም። ድሮ በመሃሉ የከተማው የመጠጥ ውሃ ይጠራቀም ነበርና፣ ውሃው እንዳይቆሽሽ ዙሪያው ታጠረ፤ መጥረቢያ የያዘ ሁሉ ተባረረ። ኋላ ቧንቧው ወደ ሌላ ግድብ ሲዞር፣ አጥሩን ማፍረስ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። ጦጣው፣ ዘንዶውና ጃርቱ በተረሳው አጥር ውስጥ ተጠልለው ቀሩ። "እኛን ያቆየን የሰው ጥም ነው" ይላል ባለወፉ፣ ራሱንም ከአራዊቱ ቆጥሮ።

ቅጽል ስሙን ያገኘው በአንድ ትልቅ ወፍ ነው፤ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የደረበ የሚመስል፣ ድምፁ ጉንፋን እንደያዘው አህያ የሆነ። ባለወፉ መዳፎቹን አፉ ላይ ገጥሞ ሲጮህ፣ ወፉ ከጫካው ማዶ ይመልስለታል፤ ጎብኚ ያጨበጭባል። ቤቱ ገብቶ "ዛሬም አወራን" ሲል ግን ሚስቱ አታጨበጭብም።

"ዘመንህን ሙሉ ወፍ ወፍ ትላለህ፤ እኔ ላባዋን እንኳ አላየሁም። ይቺ ወፍ ቀሚስ ትለብስ እንደሆነ ንገረኝ!"

ቀልዱ እየመረረ ሄደ። በመጨረሻም "ወይ አሳየኝ፣ ወይ እዚያው ወፍህ ጋ እደር" አለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ይዟት ገባ። ጮኸ። ተመለሰለት። እሷ ደነገጠች፤ እሱ ደረቱን ነፋ። እሱ እየጮኸ፣ ድምፁም እየቀረበ፣ ትልቁ ሾላ ጋ ደረሱና ቁጥቋጦውን ገለጥ አደረገ። መዳፎቹን አፉ ላይ ገጥሞ፣ ጉንጮቹን ነፍቶ የቆመው የደኑ የታችኛው በር ጠባቂ ነበር፤ የሚስቱ ታናሽ ወንድም።

"አንተ ነህ እንዴ ስትመልስልኝ የከረምከው?" አለ ባለወፉ።

"እኔማ ወፉ ነው ብዬ! ጎብኚ በመጣ ቁጥር እጠራለሁ፣ ይመልስልኛል..." አለ አማቹ።

"ወፎቹ ጥንድ ሆነዋል ብለን ለአለቃ የነገርነውስ?" አለ ባለወፉ።

"ዝም በል። ጥንዶቹ እኛው ነን።"

ሚስት ሾላው ሥር ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "ወይ ወንድሜ! ጣውንቴ አንተ ነህ?"

ባለወፉ ግን አልሳቀም። ወፉ ከሌለ እሱ ያን ሁሉ ዘመን ሚስቱን ሲዋሻት ኖሯል ማለት ነው። አንገቱን ደፍቶ ሳለ ጭንቅላቱ ላይ የሾላ ፍሬ ዱብ አለ። ቀና አለ። ግንዱ ላይ ከፍ ብሎ አንድ ጉድጓድ አለ፤ አፉ በጭቃ ተለስኖ፣ በቀረችው ስንጥቅ የምንቃር ጫፍ ብቅ ብሏል። ትልቁ ወፍ ግንዱ ላይ ተለጥፎ ከጉሮሮው ፍሬ አንድ በአንድ እያወጣ ያጎርሳል። አንዷ አምልጣው ነው የወደቀችው።

"ለካ ያልመለሰልን አፉ ሞልቶ ነው!" አለ አማቹ።

"ውስጥ ያለችው ሚስቱ ናት" አለ ባለወፉ በሹክሹክታ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። "እንቁላል ልትጥል ስትል በሩን በጭቃ ትዘጋለች። ከዚያ በኋላ እሱ ነው የሚመግባት።"

ሚስት አንጋጣ ቆየች። "በየቀኑ?"

"በየቀኑ።"

"ሳትጠይቀው?"

"ሳትጠይቀው።" ባለወፉ የነቃው መልሱ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው።

"እንግዲያው እኔም ደጄ ላይ ጭቃ አዘጋጃለሁ" አለች እሷ። "ባዶ እጅህን ከመጣህ በሩን እለስነዋለሁ።"

ፍራፍሬ ሻጯ እየሳቀች ፓፓያውን በጋዜጣ ጠቀለለችለት። "ጋሼ፣ ማንጎም ልጨምርልዎ?"

"አይ ልጄ፣ ደንቡ አንድ በአንድ ነው" አለና ፓፓያውን ብብቱ ሥር ወሸቀ። ደግሞ ሰማዩን አየት አደረገ። "በሉ ልሂድ፣ ጭቃው ሳይደርቅብኝ!"