በመዝገብ ያልሰፈሩ አንባቢዎች

ዳንግላ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሁለት መስኮት ያላት አንዲት የሕዝብ ንባብ ክፍል ነበረች። ቁልፏን የምትይዘው ስሜነሽ ነበረች። ማንም ሾሟት አይደለም፤ የተቀጠረችው ለጽዳት ነው። የመጻሕፍቱ ኃላፊ ወደ ባሕር ዳር ተዛውሮ ሲሄድ፣ «ሌላ ሰው እስኪመደብ አንቺ ክፈቺ፣ አንቺ ዝጊ» ብሎ አስረከባት። ሌላ ሰው ሳይመደብ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ።

ትምህርቷ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የተወለደችው በግምጃ ቤት ከተማ በኩል ካለ ገጠር ነው፤ አባቷ ሲሞት ከትምህርት ቤት አስቀሯት፣ በዓመቱም ዳሯት። ባሏም ብዙ አልቆየላትም። ከዚያ ወዲህ ስላለው ኑሮዋ ሰው ሲጠይቃት «እንዳለ አለሁ» ከማለት ሌላ አትጨምርም። ለማንም ያልነገረችው ነገር ቢኖር፣ የመጻሕፍቱን አቧራ ስታራግፍ አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ እያለች የመደርደሪያውን ግማሽ አንብባ መጨረሷን ነው።

ኃላፊው ከቁልፉ ጋር ሁለት ትእዛዝ ትቶላት ነበር። የገባ ሰው ሁሉ መታወቂያውን አሳይቶ፣ መዝገቡ ላይ ስሙን ጽፎ ይፈርም፤ ማንበብ የማይችል ሰው ደግሞ አንባቢ ተብሎ አይመዝገብ። ስሜነሽ ሁለቱንም እንደ ጾም ጠበቀቻቸው። ሆኖም ሰው ከበር መልሳ አታውቅም። መታወቂያ ያላወጡ ተማሪዎች ሲመጡ፣ «ግቡ፣ ድምፅ እንዳታሰሙ» ብላ ታስገባቸዋለች፤ መዝገቡን ግን አታቀርብላቸውም።

በገበያ ቀን የሚመጡት ገበሬዎች ናቸው። ለከሰል የተከሉት ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ በበሽታ መድረቅ ከጀመረ ወዲህ፣ ስለ ዛፉ ከግብርና ጽሕፈት ቤት የሚመጣውን ጽሑፍ እንድታነብላቸው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተደርድረው ይጠብቋታል። ጽሑፉ በአማርኛ ነው፤ እሷ አንድ መስመር ታነብና በአገሩ ቋንቋ፣ በአውኚ ትነግራቸዋለች፣ ደግሞ ሌላውን መስመር ትቀጥላለች። አንዳንድ ቀን ሃያ፣ አንዳንድ ቀን ሠላሳ ይሆናሉ። ከነሱ አንዱም መዝገቡ ላይ የለም። ያነበበችው እሷ ናት፤ እነሱ የሰሙ ናቸው፤ ለስሜነሽ ነገሩ እንዲህ ግልጽ ነበር።

ከገበሬዎቹ መካከል አያ አበረ ቀርተው አያውቁም። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው፣ ምላሳቸውም እንዲሁ።

«አንቺ ልጅ» ይላሉ ንባቡ ሲያልቅ፣ «ይህ ወረቀት ዛፉ እንዴት እንደሚሞት እንጂ እንዴት እንደሚድን አይናገርም?»

«አያ፣ እኔ የተጻፈውን ነው የማነብ።»

«እንግዲያ አንቺ የሚሻል ጨምሪበት፤ ማን ያውቅብሻል!»

ወንበሩ በሙሉ ይስቃል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ይኸነው የሚባል ባለሙያ ከዞኑ ዋና ከተማ፣ ከቆሰበር መጣ። ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው፤ ኮምፒውተሩን በጀርባው ያዘለ፣ ትሑት ልጅ። የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ለሚቀጥሉት አምስት ዓመታት እንዴት እንደሚዘልቅ እቅድ እየተዘጋጀ መሆኑን ነገራት። ሁሉንም ክፍል ማስቀጠል ስለማይቻል፣ የሚቀጥለውና የሚታጠፈው የሚለየው በተገልጋይ ቁጥር ነው። ከዚያ መዝገቡን ጠየቃት።

ገለጠ፣ ገለጠ፣ ወደ ኋላም ተመለሰ።

«እትዬ ስሜነሽ፣ ይኼ የስንት ጊዜ ነው?»

«የዓመቱ።»

«በቀን ሦስት ሰው እንኳ አይሞላም እኮ።»

ስሜነሽ ክፍሉን ዞራ አየች። ሐሙስ ጠዋት ነበርና ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። ስለ ተማሪዎቹ ነገረችው፤ ስለ ገበሬዎቹም ነገረችው፤ ለምን እንዳልጻፈቻቸውም ነገረችው። እየተናገረች ሳለ የገዛ ጥንቃቄዋ ምን እንዳደረገ ገና ያኔ ገባትና ድምፅዋ ቀነሰ።

ይኸነው እስክትጨርስ አዳመጣት። «አምንዎታለሁ» አላት። «ግን ማመኔን ሪፖርት ላይ ልጽፈው አልችልም። የሰዎቹን ስም ከነፊርማቸው፣ መጻፍ የማይችለውንም በጣት አሻራ አድርገው እስከ ማክሰኞ ካመጡልኝ አያይዘዋለሁ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ክፍሉ ይተርፋል።» ኮምፒውተሩን እየከተተ፣ ፊቷን ሳያይ ጨመረ፦ «ደግሞ አንድ በአንድ ሄዶ የሚያጣራ የለም።»

ምን እንዳለት ገብቷታል። እሱ ከሄደ በኋላ ባዶ ገጽ ገልጣ እስክሪብቶ አነሳች። የሠላሳ ሰው ስም በቃሏ ታውቃለች፤ የአባታቸውንም ጭምር። ጥቂት ቆይታ እስክሪብቶውን አስቀመጠችው። ሰው ያልሰጠውን ስም መጻፍ እጇ እንቢ አላት።

በገበያው ቀን መዝገቡንና የቀለም መርገጫውን ጠረጴዛው ላይ አሰናድታ ጠበቀች። ገበሬዎቹ እንደ ወትሮው ገቡ። ንባቡ እንዳለቀ አያ አበረን አስቀደመች።

«አያ፣ እዚህ ላይ አውራ ጣትዎን ያሳርፉልኝ።»

«ለምኑ?»

«ቤቱ እንዳይዘጋብን። እየመጡ ይሰሙ እንደነበር ምስክር እንዲሆን።»

አያ አበረ ቀለሙን አዩት። «ስሜ ከዚህ ወዴት ይሄዳል?»

«ቆሰበር።»

«ከቆሰበርስ?»

ስሜነሽ አላወቀችም። «እቅድ ውስጥ ይገባል» አለች።

«ልጄ፣ በዚህ ዘመን ስሙ ተጽፎ የሄደ ሰው ወይ ለመዋጮ ይፈለጋል፣ ወይ ከመዋጮ ለባሰ ይፈለጋል። አንቺን አምናለሁ። ወረቀቱ አንቺ ዘንድ ቢቀር አሥር ጣቴን እሰጥሽ ነበር።»

ከኋላቸው የተቀመጠ ጎልማሳ ቶሎ ተነሣ። «እኔማ ሰምቼም አላውቅ፤ ዝናብ ለመጠለል ነው የምገባ» አለ። ውጭ ፀሐይ ነበር። ሁለት ሦስቱ ሳቁ፣ ሳቁም ሳይቆይ ሞተ። ከዚያ «እግዜር ይስጥሽ፣ ዕድሜ ይስጥሽ» እያሉ በየተራ ወጡ። አልተቆጣቻቸውም። በእነሱ ቦታ ብትሆን እሷም ጣቷን በነጠላዋ ትሸሽግ ነበር።

ተማሪዎቹን ፍለጋ ሄደች። አብዛኞቹ ፈተናቸውን ጨርሰው ተበትነዋል። ከጨርቅ መሸጫው ያገኘቻት ነኢማን ብቻ ነው፤ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሁለት ክረምት ሙሉ እዚያች ክፍል ውስጥ ያጠናች ልጅ ናት፤ አሁን የአባቷን ሱቅ ትጠብቃለች።

«እትዬ፣ እኔን በአራት ሰው ይጻፉኝ» አለች ነኢማ እየፈረመች። «ይኸው፣ ሱቅ ቁጭ ብዬ የአራት ሰው ያህል ወፍሬያለሁ!»

«አንዱ ይበቃል።»

«አይበቃም እንጂ! ቆይ፣ እህቶቼንም ልጥራ፤ እነሱም ገብተዋል።»

ማክሰኞ የነኢማንንና የእህቶቿን ሰባት ስም ይዛ በሚኒባስ ቆሰበር ሄደች። ይኸነው ወረቀቱን ተቀብሎ ሰባቱን ስም አነበበ። ጀርባውን ገልብጦ አየው፤ ምንም አልነበረበትም። «አያይዘዋለሁ» አላት፣ በቀስታ።

ደብዳቤው በወሩ ደረሰ። የንባብ ክፍሉ በተገልጋይ ማነስ ምክንያት ከቆሰበሩ ቤተ መጻሕፍት ጋር እንዲጠቃለል፣ ክፍሉም ለሌላ ጽሕፈት ቤት እንዲሰጥ ተወስኗል፤ እሷ በጽዳት ሥራዋ ትቀጥላለች። አይሱዙ መጥቶ ቆመ። መጻሕፍቱን እንደ አመሏ በየመደርደሪያቸው ለይታ በካርቶን አሰናዳች፤ ጫኞቹ ግን ካርቶኖቹን ደበላልቀው ጫኗቸው። «ኧረ በቅደም ተከተል!» ብላ ነበር። «እናቴ፣ ቆሰበርም ሲደርሱ እነሱው ናቸው» አላት አንዱ።

በቀጣዩ ገበያ አያ አበረ ብቻቸውን መጡ። በሩ ላይ አዲስ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ እሳቸው ግን ሰሌዳውን ማንበብ ስለማይችሉ ዘው ብለው ገብተው፣ ወንበሩን ሲያጡት ተመልሰው ወጡ። ስሜነሽ በረንዳው ላይ ነበረች።

«ዛሬ ስለ ዛፉ ምን ተጻፈ?»

«ወረቀቱ ሁሉ ቆሰበር ሄደ፣ አያ።»

«እዚያ ለሰው በአውኚ የሚነግር አለ?»

«እንጃ።»

አያ አበረ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ባጃጅ አለፈ፣ ከሰል የጫነ ጋሪም ተከተለው። ጋሪው ካለፈ በኋላ ቀና አሉ።

«ያን ዕለት ጣቴን ሰጥቼሽ ቢሆን፣ ሌሎቹም ይሰጡሽ ነበር። ያኔ ይተርፍ ነበር?»

ስሜነሽ ይህን ራሷን ወሩን ሙሉ ስትጠይቅ ነው የከረመችው። ሠላሳ ሰው በየገበያው፣ በዓመት ስንት እንደሚሆን ደምራዋለች። ይተርፍ ነበር። ራሷ ከመጀመሪያው ጽፋቸው ቢሆንማ ጥያቄውም ባልመጣ።

«አይ፣ አያ» አለች። «ቀድሞ የተቆረጠ ነገር ነው። የእርስዎ ጣት ምንም አይለውጥም ነበር።»

ሽማግሌው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ደግ ነገርሽኝ። እነዚያም እንደኔው ሲብሰለሰሉ ነው የሰነበቱ። እነግራቸዋለሁ፤ ከእኛ የጎደለ የለም እላቸዋለሁ፤ ከእንግዲህ መጥተው አይጨቀጭቁሽም።»

«ይንገሯቸው» አለች ስሜነሽ።