ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሸራ

እኔ ሥራ ሲንጠለጠል አልወድም። እናቴ «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ ተረቱን ሰማሁት እንጂ አልተማርኩበትም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ «ምን ነክቷት ነው?» እንዳትሉኝ ነው።

ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር፣ ዳገቱ ሲጀምር ያለች አንዲት ክፍል ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንስል ሰባት ሰዎች ነን። ማኅበር እንባላለን እንጂ ማኅተም እንኳ የለንም። እኔ በሳምንቱ ቀናት ቢሮ ፋይል ሳገላብጥ የምውል ሰው ነኝ። ሰብሳቢያችን ፒያሳ የሱቅ ማስታወቂያ የሚጽፍ፣ ባጃጅ ጀርባ ላይ አንበሳ የሚስል ጎልማሳ ነው፤ ሲናደድ በአፍ መፍቻው በሲዳሙ አፎ፣ ሲቀልድ በአማርኛ ነው የሚናገረው። ታላቃችን ግን ጋሼ ናቸው። ከሰሜን በመምህርነት ተመድበው መጥተው፣ ሐዋሳ ላይ አስተምረው ሐዋሳ ላይ ጡረታ የወጡ። እርሳስ አያያዝ ለሁላችንም ያሳዩን እሳቸው ናቸው። የማኅበሩን ሕግ ያወጡትም እሳቸው ናቸው።

ሕጉ አንድ ነው። ሸራ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ያልሆነ ሥዕል ላይ ነጭ ቀለም ቀብተን እንደገና እንሠራበታለን። ባለቤቱ ተስፋ የቆረጠበትን ሸራ ራሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረዋል። ከዚያ ወዲያ የማኅበሩ ነው። ለምን ተውከው ብሎ መጠየቅ የለም። «ሰው ያቃተውን ነገር ማስረዳት የለበትም» ይሉ ነበር ጋሼ። ነጩን የምቀባው እኔ ነኝ። ሐሙስ ከቢሮ ስወጣ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም በኮላ በጥብጬ የተዞሩትን ሁሉ ለቅዳሜ አደርሳለሁ።

ጋሼ ዓመት ሙሉ የሠሩት አንድ ሥዕል ብቻ ነበር፤ የሞተችባቸውን ባለቤታቸውን። ከአፋቸው ስለለመድን እኛም «እሷ» ነበር የምንላት። ማናችንም አላየናትም። ፎቶ መነሣት ስለማትወድ የቀረችው አንዲት የመታወቂያ ፎቶ ነበረች፤ ፎቶዋንም ውኃ አግኝቷት ፊቱ ጠፍቷል። ሐኪሙ ደግሞ ለጋሼ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም እየጠበበ ይሄዳል ብሏቸዋል። ስለዚህ ፊቷ ያለው እሳቸው ልብ ውስጥ ብቻ ነበር። ሳይጨልምባቸው ያንን ፊት መጨረስ ነው የቀራቸው ነገር፤ ሌላ ምኞት ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ዓይናቸው ሲደክም ቀለሙን በቢላ ያወፍሩት ጀመር፤ ያቆሙበትን በጣታቸው ዳስሰው እንዲያገኙት።

አንድ ሐሙስ ክፍሉን ስከፍት የጋሼ ሸራ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል።

ቀለሜን መሬት አስቀምጬ ሸራውን አዞርኩት። እሷ ናት። ግራ ጉንጯ አላለቀም፣ አፏ በመስመር ብቻ ነው፣ ዓይኖቿ ግን አልቀዋል። «አይ ጋሼ፣ በቃ ተሸነፉ» አልኩ ለራሴ። ስልኬን አውጥቼ ልደውል አሰብኩ። ምን ብዬ? ሕጉ የራሳቸው ነው፣ አትጠይቁ ያሉን እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው እየጠፋ ያለን ሽማግሌ «ለምን ተዉት?» ብሎ በስልክ ማድማት ይሉኝታ ቢስነት መሰለኝ። ስልኩን መለስኩት። እንዲያውም ቅዳሜ መጥተው ሳትነካ ቢያገኟት ቁስላቸው ይነካል፣ ዛሬውኑ ልገላግላቸው ብዬ ከአንገቷ ጀምሬ ወደ ላይ ቀባሁ። ዓይኖቿ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ደግሞ ቀጠለ። ሁለት ጊዜ ደርቤ፣ ብሩሼን አጥቤ፣ ቤቴ ገባሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሰብሳቢያችን ጋር ወንበር እያወጣን ሳለ ረቡዕ እሱና ጋሼ ሲሠሩ ከባህል ቢሮ እንግዶች ክፍሉን ሊያዩ መጥተው እንደነበር ነገረኝ። «ጋሼ እንዴት እንዳሳቁኝ! ሰዎቹ በር ላይ ሲደርሱ ተነሥተው እሷን ወደ ግድግዳ አዞሯት። ምነው ስላቸው፣ ‹ነጠላዋን ሳታስተካክል እንግዳ ፊት ወጥታ አታውቅም፤ ስንቱን እንግዳ ደጅ አስጠብቃብኛለች፤ ስትሰናዳ ትወጣለች› አይሉኝም? ስንሄድ መልሶ ማዞሩን ሁለታችንም ረሳነው።»

የያዝኩት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሰብሳቢው ፊቴን አይቶ ወደ ነጩ ሸራ ዞረ፤ ሳቁ ተቆረጠ። እርጥብ ጨርቅ አምጥቼ ጥጉን ፈተግሁ። ነጩ ሲላቀቅ የሥሩን ቀለም ይዞት መጣ። ተውኩት።

«ስሚኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ጋሼ በደንብ አያዩም። ዛሬ ሌላ ሸራ እንስጣቸው። ‹የእርስዎ የት እንዳለ አላየንም› እንበላቸው። እኔና አንቺ በሳምንት ውስጥ ፊት እንሠራበታለን።»

መዋሸት ፈልጌ ነበር፤ እሺ ለማለት የዘገየሁት ውሸቱ አልጨበጥ ብሎኝ እንጂ ከጽድቅ አይደለም። ግን የማንን ፊት ነው የምንሠራው? ይህን ሳስብ የባጃጅ ድምፅ ተሰማ፤ ጋሼ ገቡ።

እንደ ልማዳቸው በየተራ ሰላም ብለውን፣ በመቋሚያቸው መንገዳቸውን እየነኩ ሸራቸው ፊት ተቀመጡ። ግራ ጉንጯን ለማግኘት ጣታቸውን ዘረጉ። የቀለሙ እብጠት ከነጩ ሥር አለ፤ ጣታቸው አገኘው፣ ግን ቆመ። እንደገና ዳሰሱ፤ ግንባሯን፣ ቅንድቧን። ከዚያ ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው ወሰዱ። የፕላስቲክ ቀለም ሽታ አይጠፋቸውም፤ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው።

«ማነው የቀባት?»

ሰብሳቢው መሬት መሬት አየ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። የተውዋት መስሎኝ ነው።»

ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

«አይተሻታል?»

«አይቻታለሁ።»

«ዓይኗንም?»

«ዓይኗንም።»

«እንዴት ነበረች? እኔ እኮ ዓይኗን ስሠራ ከእጄ በላይ ምንም አይታየኝም ነበር። ሰው ትመስላለች?»

እንባዬ ቀደመኝ። «ልትናገር የተቃረበች ትመስል ነበር» አልኩ።

«እሷ ናታ» አሉ። ቀጥለውም፣ «እንግዲያው ለመጨረሻ ጊዜ ያየሻት አንቺ ነሽ። እኔ አገር ቤት ቀብሯ ላይ እንኳ አልደረስኩም።»

መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ፤ ሰብሳቢው እስከ ባጃጁ ሸኛቸው። ሦስት ቅዳሜ አልመጡም። ቤታቸው ሄጄ ደጁ ላይ ቆሜ ሁለት ጊዜ ሳላንኳኳ ተመልሻለሁ፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

በፊቼ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ ሰሞን፣ ጉዱማሌ አደባባይ በዓሉን ሊያከብር በሚተመው ሰው መንገድ ላይ፣ በየዓመቱ ሥዕሎቻችንን አጥር ላይ እንሰቅላለን። ዋዜማው ላይ ጋሼ በሰብሳቢው ክንድ ተደግፈው መጡ። ሰላምታዬን ተቀበሉ፤ ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም፤ እኔም አልጠየቅሁም። «እሷን ስቀሏት» አሉ።

«ጋሼ፣ ነጭ እኮ ነው» አለ ሰብሳቢው።

«አውቃለሁ። ስቀሏት።»

ሰቀልናት። በበዓሉ ዕለት ጋሼ ወንበር አስመጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ሕዝቡ ቄጤላውን እየጨፈረ፣ እያዜመ ያልፋል፤ አንዳንዱ ቆም ብሎ ሥዕል ያያል። አንዲት ነጭ በነጭ የለበሱ እናት ባዶው ሸራ ፊት ቆመው ግራ ገባቸው። ወደ እኔ ዞረው፣ «ይሄኛው ገና አልተሠራም እንዴ?» አሉኝ።

ጋሼ ከወንበራቸው ሳይነሡ ድምፁ ወደ መጣበት ቀና አሉ።

«ባለቤቴ ናት» አሉ። «ትንሽ ይታገሷት። እየተሰናዳች ነው።»