የግድግዳው ወዝ

ጎረቤቴ ቀለም ቀቢ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ሲያሳምር የገዛ ሳሎኑን ዞር ብሎ አላየውም። ሚስቱ ብትነዘንዘው ብትነዘንዘው ዛሬ ነገ ሲል እሷን ሞት ቀደማት። ከእሷ የቀረው፣ ከሶፋው በላይ ጭንቅላቷን ታስደግፍበት የነበረው ግድግዳ ላይ የፀጉር ቅባቷ የተወው ክብ ወዝ ነው።

ሴት ልጁ የቤት ውስጥ ዲዛይን ባለሙያ ናት። ከቀብር በኋላ አብራው ልትኖር መጣችና ቤቱ ካልተቀየረ አልችልም አለች። ስልኳ ላይ ሁለት ሳሎን አሳየችው፤ አንዱ የሰሜን አውሮፓ፣ አንዱ የጃፓን።

«ሁለቱም ዕቃዬን ጠራርገው የሚያወጡ ናቸው። ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?» አላት።

«የአውሮፓው ነጭ ነው፣ አባዬ። ብርሃን፣ ነጣ ያለ እንጨት፣ የሱፍ ምንጣፍ። የጃፓኑ ጠቆር ያለ እንጨት፣ ዝቅ ያለ አግዳሚ፣ አፈር የሚመስል ግድግዳ ነው። ያረጀውን አይደብቅም።»

«አንቺስ የቱን ወደድሽ?»

«ነጩን። ያቺን ወዝ ሳይ እማዬ የተቀመጠች ይመስለኛል። እፈራለሁ።»

ዕቃው ወጣ፣ ግድግዳው ነጣ። ብዙም ሳይቆይ ወዟ ብቅ አለች። ደገመው፤ ተመልሳ መጣች። ድሮ በፎቶና በመጋረጃ መሃል ነበረች፤ አሁን በባዶው ቤት ዓይን የሚያርፍባት እሷ ብቻ ሆነች። ልጅቱ እንቅልፍ አጣች። እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ እዚያ ቤት ብቻዬን መቀመጥ ተውኩ።

ቅባት የነካው ግድግዳ መጀመሪያ በዘይት ቀለም ካልታፈነ የውሃ ቀለም እንደማይችለው እሱ ያጣዋል? ልጁ ፊት አፋጠጥኩት።

«አውቃለሁ። እጄ እምቢ አለኝ፣ እህቴ። እሷን ማፈን መሰለኝ» አለ።

ልጅቱ ሄዳ የዘይት ቀለም ገዝታ መጣች። ቆርቆሮውን ከፍታ፣ ብሩሽ ይዛ ግድግዳው ፊት ብዙ ቆመች። ከዚያ ከደነችውና «የጃፓኑ ይሁን» አለች።

አባትየው ወዟን ትቶ ዙሪያውን አፈር የሚመስል ቀለም ቀባው። አግዳሚው ግን በድሮው ሶፋ ልክ ከፍ ይበል ብሎ ድርቅ አለ። ልጁ ዲዛይኑን ታበላሸዋለህ ብላ ተነጫነጨችና ተወችው።

ትናንት አመሻሽ ላይ ጎራ ስል ሳሎኑ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። በትከሻው አሻግሬ ሳይ ክው አልኩ። ልጅቱ ጭንቅላቷን ወዟ ላይ አስደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። ቁርጥ እናቷን።

«አትገባም እንዴ?» አልኩት።

«ቀስ በይ» አለኝ በሹክሹክታ። «ከነቃች ልጄ ትሆናለች።»