አርባ የሱዳን ፓውንድ

በቡሬ የቀበሌው ንባብ ቤት ኃላፊ በነበርኩባቸው ዓመታት፣ ካነበብኩት ሁሉ እንደ ዶላር ምንዛሪ ጸንቶ የቆመ ነገር አላየሁም። ጋዜጣ ማንበብ ከጀመርኩ ጀምሮ አንድ ዶላር ሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም ነበር። ስለዚህ በአገሮች ገንዘብ መካከል ያለው ልክ፣ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም እንዳለው መንገድ፣ አንድ ጊዜ ተለክቶ ያለቀ ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ ያሰብኩበትን ምክንያት ማስረዳት እችላለሁ፤ ማስረዳት መቻሌ ግን ኀፍረቴን አላቀለለልኝም።

አንድ የገበያ ቀን፣ ከከተማው ወጣ ብለው የሚያርሱ አንድ የአዊ ተወላጅ ሽማግሌ ደብዳቤ እንዳነብላቸው መጡ። ልጃቸው ገዳሪፍ ወርዶ ሰሊጥ ያጭዳል። ደብዳቤውን ያደረሰላቸው ከልጃቸው ጋር ሄዶ የነበረና አሁን የተመለሰ ጎረቤታቸው ነው። ልጁ በዚሁ ጎረቤት እጅ አርባ የሱዳን ፓውንድ መላኩን ጽፏል።

«ስልሳ ብር ነው የሰጠኝ» አሉ ሽማግሌው። «ኬላ ላይ እንዳይያዝብኝ ብዬ ድንበር ላይ መንዝሬዋለሁ አለኝ። ደግ ልጅ ነው። ልክ ነው አይደል ልጄ?»

የጠየቁኝ ለወግ ያህል ነበር፤ ደብዳቤውን አጥፈው በኩታቸው ጫፍ መቋጠር ጀምረዋል። አላውቅም ብል መርቀውኝ ይሄዱ ነበር። እኔ ግን «ትንሽ ይቆዩ» አልኩና ከመደርደሪያው ወፍራሙን የምጣኔ ሀብት መጽሐፍ አወረድኩ። በመጨረሻው ገጽ የምንዛሪ ሠንጠረዥ አለው። አንድ የሱዳን ፓውንድ ስድስት ብር ሊሞላ ጥቂት ሳንቲም ይጎድለዋል ይላል።

«ሁለት መቶ አርባ ብር ገደማ ሊደርስዎ ይገባ ነበር» አልኳቸው።

የጀመሩትን ቋጠሮ ፈቱት። «የበሬ ዋጋ!» አሉ። ቀጥለውም ለራሳቸው ይመስል፣ «የልጄ ባልንጀራ እኮ ነው» አሉ።

ሽማግሌውና ጎረቤታቸው የአንድ ሚካኤል ማኅበር አባላት ነበሩ። በማኅበር የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ከጽዋው አይጠጣምና፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለት ሽማግሌው ጽዋው ሲደርሳቸው አልቀበልም አሉ፤ እኔንም ከነመጽሐፌ አስጠሩኝ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ። ሠንጠረዡንም ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ።

ተከሳሹ ፊቱን የቆላ ፀሐይ ያከሰለው ጎልማሳ ነበር። «ይኼ መጽሐፍህ ድንበር ላይ ቆሞ ያውቃል?» አለኝ። ሰዉ ሳቀ።

«አይቆምም፤ አይሰርቅምም» አልኩት። ሰዉ የባሰ ሳቀ። በሳቁ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልረሳሁም።

ያልሳቁት የማኅበሩ ቄስ ብቻ ነበሩ። «ልጄ፣ መጽሐፉ ዕድሜው ስንት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አባ፣ ምንዛሪ እንደ ጤፍ ዋጋ በየገበያው አይለዋወጥም።»

«በሚካኤል ይማልና ይለቀቅ» ተባለ። ሰውየው እምቢ አለ። በአባቱ ቤት፣ ለእውነት እንኳ ቢሆን፣ በታቦት ስም አይማልም ነበር። «ለገንዘብ ብዬ የታቦት ስም አላነሣም። ወይፈኔን ውሰዱ» አለ። እንዲህ ያለውን እምቢታ አገሩ ያውቀዋል፤ በሌላ ቀን ፈሪሀ እግዚአብሔር ያሰኘው ነበር። መጽሐፉ በመካከል ተዘርግቶ ስለነበር ግን የሌባ እምቢታ ሆነ።

ወይፈኑ ወደ ሽማግሌው በረት ተነዳ። ሰውየው ከማኅበር ቀረ። ገበያ ላይ እህል ሲገዛ ነጋዴዎቹ «ለእሱ በመጽሐፍ ስፈሩለት» ይባባሉ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ ለንባብ ቤቱ ጋዜጣ ልቀበል ፍኖተ ሰላም ሄድኩ። ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አንዱን ገለጥኩ። ዶላሩ ከነሰባት ሳንቲሙ በቦታው አለ። ከሥሩ የሱዳን ፓውንድ ተጽፏል፤ አንድ ብር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። የማተሚያ ቤት ስሕተት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ንባብ ቤት ገብቼ የቆዩትን ጋዜጦች ስበረብር ግን ፓውንዱ ዓመት በዓመት ሲወርድ አየሁት። ሽማግሌው በመጡበት ሳምንት የደረሰን ጋዜጣ እውነቱን ጽፎ ነበር። ያን ዕለት ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ መጽሐፉን የዘረጋሁት በእሱ ላይ ነው። መጽሐፉ የታተመው ንጉሡ በዙፋን ሳሉ ነበር። የቄሱን ጥያቄ ለመመለስ አንድ ገጽ መግለጥ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

ሁለት የሚካኤል ቀን ዝም ብዬ አሳለፍኩ። በሦስተኛው ጋዜጣውን ይዤ ሄድኩ። በመንገድ ሁሉ ያሰላሰልኩት ንግግር «እኔ በደልኩ» ብሎ ይጀምር ነበር። ማኅበርተኛው በሙሉ ቀና ብሎ ሲያየኝ ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ሆነ፤ «መጽሐፉ አርጅቷል፤ አዲስ መረጃ ደርሶናል» አልኩ።

ሽማግሌው ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። ሰውየውን አስጠሩት። ከደጅ ሲደርስም ከግቢው ድንጋይ አንሥተው በማጅራታቸው ተሸከሙና በልጃቸው እኩያ እግር ሥር ወደቁ። እኔ ጋዜጣዬን ይዤ ቆሜአለሁ።

ሰውየው ሮጦ ድንጋዩን አነሣላቸው። «ኧረ ይነሡ አያ! ወይፈኑንም ቢሆን ደህና አድርገው ቀልበውልኛል» አለ። ሰዉ ሳቀ፤ አንዳንዱም አለቀሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ እጄን ያዘኝ።

«እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። የተማረ ሰው ባይኖረን ሌባ እንደተባልኩ እቀር ነበር።»

ጽዋው ዞሮ እኔ ዘንድ ደረሰ። ቄሱ ከእጃቸው ሳይለቁት፣ በዝግታ፣ «አንተስ ልጄ፣ የበደልከው፣ ያልታረቅከው ሰው የለም?» አሉኝ።

«የለም አባ» አልኩና ጠጣሁ።