አልረሱትም

የሆስፒታሉ አትክልተኛ ተንበርክከው ነው የሚያርሙት፤ የካኪ ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ እራፊ ተደርቦበታል። የሴቶች ክፍል መስኮት ስር ሲደርሱ ግን ቢጫ አበባ ያወጣውን የዱር አረም ሳይነኩ ያልፉታል።

እህቴን ልጠይቅ የሄድኩ ቀን፣ «አባባ፣ ይሄን ረሱት እኮ» አልኳቸው።

«አልረሳሁትም፣ ልጄ። ባለቤቴ እዚህ ተኝታ ሳለ ይሄን እያየች ነበር የምትውለው። ‹ዕድሜው አንድ ሰሞን ነው፣ ተውልኝ› አለችኝ። አለቃዬ ይቆጣኛል ብዬ ነቀልኩት። ከዚያ በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ሳምንትም አልቆየች።»

«አለቃዎስ ምን አሉ?»

«እሱማ መኖሩንም አላወቀ።»

አንዲት ታማሚ በመስኮቱ ብቅ ብላ፣ «አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዴት ያምራል!» አለቻቸው።

አንገታቸውን ደፉ፤ ቀና ብለው ሊያይዋት አልደፈሩም።