ካፒቴንና የኋላው መስኮት

ወንበር ሰፊዋ ምላጩን በሁለት ጣቶቿ ይዛ የድሮውን ስፌት ትተረትር ነበር። ክሩን ፀሐይ ስለበላው ገና ሲነካ እንደ አመድ ይበናል። በግራ እጇ ሸራውን ወጠር፣ በቀኟ በጠስ፤ ደግሞ ወጠር፣ ደግሞ በጠስ። በከንፈሯ መርፌ ስለያዘች ላናገራት ሁሉ የምትመልሰው «እም» እያለች ነው።

መኪናዋ የታናሽ ወንድሟ ናት። ጣሪያዋ ሸራ ነው፤ ሲፈለግ ወደ ኋላ ይታጠፋል። የኋላው መስኮትም መስታወት ሳይሆን ሸራው ላይ የተሰፋ ላስቲክ ነው። ጣሪያው በታጠፈና በተዘረጋ ቁጥር ላስቲኩ እየተሰነጠቀ፣ ፀሐዩም እያቃጠለው፣ የሲጋራ አጫሽ ጥርስ መስሎ ቀርቷል። በአንድ ጎኑ ደግሞ ተቀዶ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር የኋላ ወንበሩ ይርሳል።

ወንድሟን ሰፈሩ ካፒቴን ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ትልልቅ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አሁን የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ የልጁን ልጅ፣ ሚጣን፣ ጠዋት ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ከሰዓት መመለስ። ለዚያች መንገድ ጫማውን ይወለውላል፣ ጢሙን ይላጫል። ይህችኑ መንገድ ነው እንግዲህ ሊቀማ የደረሰው። ባለፈው ወር ወደ ኋላ ሲል የግቢውን በር ገጨ። ሰሞኑን ደግሞ የትምህርት ቤቱን አጥር ላጠው። ልጁ፣ የሚጣ እናት፣ ቆጣ ብላ «አባዬ፣ ይሄ መስኮት ካልተሠራ ከሰኞ ጀምሮ ሚጣ በአውቶቡስ ትሄዳለች» አለችው።

ካፒቴን መኪናዋን ወደ ጋራዥ ወሰዳት። የጋራዡ ባለቤት ጣሪያውን እንደ ታማሚ ሆድ ጫን ጫን አደረገና «ጣሪያው በሙሉ ካልተቀየረ አይሆንም፤ እሱም ከውጭ ነው የሚመጣው» አለው።

«ጣሪያዋን ከምቀይር የቤቴን ጣሪያ ብቀይር ይቀለኛል» ብሎ ካፒቴን በቀጥታ ወደ እህቱ ሱቅ መጣ።

እሷም ሰማችና «መስኮት ተቀደደ ተብሎ ቤት ይፈርሳል እንዴ?» አለች። ለበረንዳና ለሱቅ ደጃፍ የላስቲክ መጋረጃ ከሚሠራው ሰው ዘንድ ሄዳ፣ ከሥራ የተረፈ ጥሩ ወፍራም ቁራጭ በቅናሽ አመጣች።

ሙያውን የተማረችው ከሟች ባሏ ነው። የታክሲ ወንበር፣ የሞተር ሳይክል መቀመጫ፣ የካፌ ሶፋ፣ ያልሰፋችው የለም። የተቀመጡበትን ወንበር አይታ «የዚህ ሰውዬ የቀኝ ዳሌው ያመዋል» ትላለች፤ ባለቤቱ ሲመጣም እውነትም ያነክሳል። «ከእሷ ዓይን የሚያመልጥ ነገር የለም» ይሏታል።

ጎን ለጎን ጎማ የሚጠግነው ጎረቤቷ፣ ጎሚስታው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«ካፒቴን፣ በሩን የገጨኸው በመስኮቱ ጥፋት ነው አሉ?»

«ታዲያ በማን ጥፋት ይሁን? አንተ የነፋኸው ጎማ ነው ልበል?»

«አይ እኔማ፣ በሩ ራሱ ነው የመጣብኝ እንዳትል ብዬ ነው።»

ወንበር ሰፊዋ መርፌዋን ከአፏ አወጣች። «ወንድሜን ተወው! በዚህ መስኮት ንስር እንኳ አያይም። ይልቅ ሻይ አለህ አይደል? ውሰደውና አጠጣው፤ እላዬ ላይ ቆሞ ስፌቴን አያስጨንቅብኝ።»

ሁለቱም እየተጓተቱ ሄዱ።

እሷም ሥራዋን ያዘች። አሮጌውን መስኮት ከዚያ በላይ ሳይቀደድ በሙሉ ገፍፋ አወጣችው፤ ለአዲሱ ልክ የሚሆነው እሱ ነዋ። ጠረጴዛዋ ላይ አዲሱን ላስቲክ ዘረጋች፤ መከላከያ ወረቀቱ ገና አልተላጠም። አሮጌውን ከላይ አስተኝታ በጠመኔ ዙሪያውን አሰመረች። ላስቲክ ሲሰፋ ስፌቱ ሰፋ ሰፋ ማለት አለበት። ቀዳዳው ከተቀራረበ እንደ ቲኬት ጫፍ ይገነጠላል። ይህን ሁሉ ታውቃለች።

አንድ ሌላም የራሷ ልማድ አላት። መስኮቱን ካወጣች በኋላ አዲሱን ቶሎ አትሰፋም። ጣሪያውን ዘርግታ፣ ከፊት በኩል ቆልፋ፣ ከነባዶ ቀዳዳው ፀሐይ ላይ ታቆየዋለች። «ሸራው ይረፍ» ትላለች። ሸራው ሳይወጠር ከተሰፋ፣ በኋላ ጣሪያው አጥሮ ከፊት መስታወቱ ጋር አልገናኝ ይላል። ይህን የሚያውቁት እሷና ሟች ባሏ ብቻ ነበሩ።

እንግዲህ ሸራው እያረፈ፣ እሷም ከመኪናዋ ኋላ ቁጢጥ ብላ የባዶውን ቀዳዳ ጠርዝ በቡሩሽ እያጸዳች ሳለ፣ ካፒቴን ከሻዩ ተመለሰ። በሩን ከፍቶ ገባ፣ መሪው ላይ ተደላደለ። ቀና ብሎ በስፖኪዮው ወደ ኋላ አየ።

«እሰይ! እሰይ እትዬ! እጅሽን ይባርከው፣ እንዴት ቶሎ ገጠምሽው!»

እሷ ሣቀች። ሲቀልድ ኖሯል፣ አሁንም እየቀለደ ነው።

«ግን አልዋሽሽም፣ ትንሽ ይጋርዳል» አለ፤ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ። «ከድሮው ይሻላል። ጭጋግ ግን አለው።»

«ተው አንተ ሰው፣ ቀልድህን ተው።»

«ምን ቀልድ አለው? ዓይኔን ግንባር ያድርገው ጭጋግ አለበት! ያ መጋረጃ ሠሪ አታሎሻል እትዬ። ደህናውን ለሌላ ሸጦ ላንቺ የማይረባውን ነው የሰጠሽ።»

ቡሩሹ በእጇ ላይ ቆመ። ሣቁን ጠበቀች። ካፒቴን ሲቀልድ መጨረሻ ላይ ትከሻው ይነቀነቃል። ትከሻው ላይ አተኮረች። አልተነቀነቀም። አንገቱን ወዲህም ወዲያም እያለ፣ ጥሩ አድርጎ ለማየት እየሞከረ ነው።

ዞር ብላ ወደ ሱቋ አየች፤ እሷው ራሷ የሠራችውን ለማመን። አዲሱ ላስቲክ ከነወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። አሮጌውም ከላዩ ተኝቷል። እጇን ቀስ አድርጋ በቀዳዳው አሾለከች። አየር ነው። ምንም የለም። በእሷና በወንድሟ መካከል አንዳች ነገር የለም።

ክው አለች። አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። 

ከዚያ ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣባት። ጋዜጣ ማንበብ የተወው «ውሸት ብቻ ነው የሚጽፉት» ብሎ ነው። ሻይ ሲቀዳ ከኩባያው ውጭ ያፈሰሰው «እጄ አረጀ» ብሎ ነው። በሩ፣ አጥሩ፣ ሁሉም በመስኮቱ ተላከከ፤ ሁላቸውም አመኑ፣ ከሁሉ በላይ እሷ። ከእነዚህ ሁሉ ግን አንድ ነገር እንደ መርፌ ወጋት፤ ሚጣ ናት። ሚጣ እራት ላይ ደረቷን ነፍታ ታወራለች። «እኔ የካፒቴን ረዳት ነኝ። ቀይ ሲሆን ቀይ እለዋለሁ። አረንጓዴ ሲሆን አረንጓዴ!» ቤተሰቡ በሙሉ ያጨበጭብላታል። ጨዋታ ነው ብለው!

«ጌታዬ!» አለች ወንበር ሰፊዋ በሹክሹክታ።

«እትዬ? የት ገባሽ?»

እንደምንም ተነሣች። ፊቷ ከቀዳዳው ፊት ለፊት ነው፤ እሱ ዞሮ ወደ እሷ ያያል፤ እሷን ግን አያያትም።

«ና እስቲ» አለችው። «ወደ ኋላ እለፍና መስኮቱን ንካው። ጭጋጉ ከውስጥ ይሁን ከውጭ ንገረኝ።»

በሁለቱ ወንበሮች መሃል ተንጠራርቶ ወደ ኋላ ዘለቀ። መዳፉን ዘርግቶ፣ ላስቲኩን ላለማቆሸሽ ጥንቃቄ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ ሰደደ። እጁ አለፈ። እስከ ክርኑ ድረስ አለፈና አየር ላይ ቀረ። ጣቶቹ የጠፋባቸውን ነገር እንደሚፈልጉ ተንቀሳቀሱ።

ያን እጅ ያዘችው። ልጅ ሳለ መንገድ ሲሻገሩ እንደምትይዘው አድርጋ ያዘችው።

«የታለ?» አለ።

«አልተሰፋም ገና። ጠረጴዛው ላይ ነው ያለው።»

 ከጎን የጎሚስታው መዶሻ ይሰማ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ቀስ እያለ ነው የመጣው እትዬ። መስኮቱ ነው ብዬ ነበር። እግዜር ምስክሬ ነው፣ መስኮቱ ነው ብዬ ነበር።»

«የፊቱስ? የፊቱ መስታወት እኮ አልተሰነጠቀም።»

 እጁ በእጇ ውስጥ ቀዘቀዘ።

«መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ መስሎ።

«መንገዱንስ ታውቀዋለህ። የሚሻገረውን ሰውስ?»

ጎሚስታው መዶሻውን ጥሎ ብቅ አለ። አንዱ ከመኪናዋ ውስጥ፣ አንዷ ከውጭ፣ በቀዳዳ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲያይ ደነገጠ። «ምን ሆናችሁ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ማን ይሞታል» አለ ካፒቴን። «መስኮት እየተከራከርን ነው። ሂድ ጎማህን ንፋ።»

ጎሚስታው አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየና ወደ ጎማው ተመለሰ።

«ለልጄ አትንገሪያት» አለ ካፒቴን ዝቅ ብሎ። «አፈር ስበላ እትዬ። ሚጣን ማድረስ ከቀረብኝ እኔ ምን ልሁን? ተኝቼ ጣሪያ ልይ? እሱንስ የት አየዋለሁ?»

እሷም እንባዋ መጣ። ልጅ ሳሉ የሰበረውን ሁሉ «እኔ ነኝ የሰበርኩት» ብላ ስትቆነጠጥለት ያደገች እህት ናት። አሁንም «እሺ» ልትል አፏ ተከፈተ። ግን የምታየው ያችን ጠባብ የኋላ ወንበር ነው፤ የሚጣ ኩኪስ ፍርፋሪ ገና አልተጠረገም።

«ቁልፉን ስጠኝ» አለችው።

«እትዬ...»

«ቁልፉን፣ ወንድሜ።»

እጁን ከእጇ አስለቅቆ ወደ ውስጥ ሰበሰበው። እሷ ባዶው ቀዳዳ ፊት ቆማ ቀረች። እምቢ አለ ስትል፣ ያው እጅ እንደገና በዚያው ቀዳዳ ወጣ። ቁልፉ መዳፉ ላይ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት መስኮቱን ሰፋችው። የተጀመረ ሥራ ጥሎ መሄድ አታውቅም። በሙያ ዘመኗ ጠሞባት የማያውቅ ስፌት ሁለቴ ጠመመባት፤ ተርትራ እንደገና ሰፋችው። ጣሪያው ከፊት መስታወቱ ጋር ገጠመ። ላስቲኩ ምንጭ ውኃ ይመስላል። ካፒቴን በጣቱ ዳሰሰው፤ «ጥሩ ሥራ ነው» አለ።

ማታ ለሚጣ እናት ራሷ ነገረቻት። እናትየዋ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ከዚያ ሚጣን ጠርታ «ለአያትሽ መብራቱን የምትነግሪው ለምንድነው?» አለቻት።

ሚጣም ግራ ገባት። «ስለማይታየው ነዋ! እናንተ አታውቁም ነበር?»

 ከሁሉም ፊት አንድ ዓይነት ነገር ነበር የሚነበበው፤ ልጅቱ ታውቃለች፣ ትናንትም ታውቅ ነበር፣ እኛ እያጨበጨብን ነበር።

የዓይን ሐኪሙ ሞራ ነው አለ፤ በሁለቱም ዓይን። ይነሣል፣ ያያል፣ አይዟችሁ አለ፤ ተራው እስኪደርስ ግን ይጠበቃል። ሚጣም አሁን በአውቶቡስ ትሄዳለች፤ የሱቋን በር ከመክፈቷ በፊት ወንበር ሰፊዋ ፌርማታ ድረስ ይዛት ትሄዳለች። መንገድ ሲሻገሩ ሚጣ በልማዷ «ቀይ! አረንጓዴ!» ትላለች፤ ያን ጊዜ ወንበር ሰፊዋ የሚጣን እጅ ጠበቅ አድርጋ ትይዛለች፤ ከዚያች ቀን ወዲህ ድንጋጤው ለቆኝ ሄደ ማለት አትችልም።

መኪናዋ ሱቁ ደጅ ዛፍ ሥር ቆማለች። ካፒቴን ጫማውን ወልውሎ፣ ጢሙን ተላጭቶ ይመጣና ጣሪያውን አጥፎ መሪው ላይ ይቀመጣል። አይነዳም። ቁልፉም እሱ ዘንድ የለም። አላፊ አግዳሚው እጁን ያወዛውዝለታል፤ እሱ ዝም ይላል። ሰዎች «ካፒቴን ኮራብን» እያሉ ያልፋሉ። አልኮራም። አይታየውም፤ «ማን ነህ?» ብሎ መጠየቅም ያሳፍረዋል።

ስለዚህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በዚያ መንገድ ካለፋችሁ፣ ጣሪያዋ የታጠፈ አሮጌ መኪና ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ ሽማግሌ ካያችሁ፣ ቀረብ ብላችሁ ቁሙ። እጅ አታወዛውዙ። አስቀድማችሁ ስማችሁን ንገሩት፤ ከዚያ «እንዴት ዋልክ ካፒቴን» በሉት።