ካፉር የሚሸተው ሚዶ

ከጅማው ሄርማታ እስከ አጋሮ ባለው አገር አሮጌ ሚዶና አምባር አይቶ ከምን እንደተሠራ፣ በማን ዘመንም እንደመጣ የሚናገር ሰው ቢፈለግ ከእኔ የሚስተካከል አይገኝም። ዕቃውን እስኪሞቅ በአውራ ጣቴ አሸት አሸት አደርግና ወደ አፍንጫዬ አስጠጋዋለሁ፤ ካፉር ካፉር ካለኝ ሴሉሎይድ፣ ያ የጥንቱ ፕላስቲክ፣ ነው ብዬ እፈርዳለሁ፣ በፍርዴም ላይ ይግባኝ የለም። ይህን ሁሉ እውቀት ያገኘሁት በሕይወቴ ከመረመርኩት አንድ ሚዶ ነው። እሱም ከምርመራው አልተረፈም።

ሰው ግን ይህን አያውቅምና አያሳርፈኝም። በተለይ የታናሽ እህቴ ልጅ ሰሚራ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ትንሽ ሱቅ ከፍታ የድሮ ጌጣጌጥ በቴሌግራም የምትሸጠው፣ ስበላም ስላጭም ፎቶ ትልክልኛለች። ጀርባው ላይ የቻይና ጽሑፍ የታተመበትን የፕላስቲክ አምባር አሳይታ «ኤሱማ፣ ይሄስ ከጣሊያን በፊት ነው አይደል?» ትለኛለች፣ አጎቴ ማለቷ ነው። ማሎ፣ ኧረ በፈጣሪ፣ ከጣሊያን በፊት ነው የተባለው ጌጥ ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ ጅማ ውስጥ ለሰው መቆሚያ ቦታ አይተርፍም ነበር። ባለፈው ሐሙስ ግን ከአጋሮ ገበያ ያመጣችውን ቡናማ ሚዶ እጄ ላይ አኖረች፤ እንደ ልማዴ አሽቼ ባሸተው ያ ሽታ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ መልሶ አስቀመጠኝ።

አባቴ ሄርማታ ገበያ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበር። የዚያን ጊዜ የጅማ ክረምት እንደዛሬው ቀልድ አልነበረም፤ ሐምሌ ላይ የጀመረ ዝናብ መስከረም ድረስ ትንፋሽ ስለማይወስድ ዶሮዎቻችን መዋኘት ተምረው ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በአንዱ ክረምት አባቴ ሱቁን ዘግቶ ወደ አገሩ ከሚሄድ የየመን ነጋዴ አንድ ጣሳ ሙሉ አሮጌ የልብስ ቁልፍ ገዛና፣ ቁልፉን በየቀለሙ ሲለይ ከጣሳው ሥር አንድ ሚዶ አገኘ። እንደ ኤሊ ጀርባ ቡናማና ቢጫ የተዥጎረጎረ፣ ራሱ ላይ ሰባት ቀይ የመስታወት ፈርጥ የተደረደረበት፣ ሲያዩት ከባድ ሲይዙት ግን ላባ የሚያክል ነበር። አባቴ ያለ ሰበብ ስጦታ የመስጠት ልማድ ስላልነበረው በጨርቅ ጠቅልሎ ለእናቴ ሲሰጣት ዓይኑን የሚያሳርፍበት ጠፍቶት ነበር።

እናቴም ደስ ብሏት ልታጥበው ሙቅ ውሃ ውስጥ ብትነክረው ቤቱን ካፉር ካፉር አለው። ካፉር ደግሞ በእኛ ሰፈር አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጀናዛ፣ የሟች አስከሬን፣ ሲታጠብ ውሃው ላይ የሚጨመር። የእናቴ ታላቅ እህት አክስቴ ሐሊማ የሰፈሩን የሴት ጀናዛ ሁሉ የምታጥብ ሴት ስለነበረች በካፉር ጉዳይ ከእሷ በላይ ተናጋሪ አልነበረም። ሚዶውን አንዴ አሸተተችና መለሰችው።

«አስተግፊሩላህ» አለች፣ «ይሄ ከሟች ራስ ላይ የተነቀለ ነው። ወላሂ፣ ባልሽ መቃብር አልቆፈረም ብዬ አልመሰክርም።»

አባቴ ይህን ሲሰማ ሚዶው ከዚህ ቤት ከወጣ እኔም አብሬው እወጣለሁ ብሎ ማለ። እናቴ ደግሞ የሟች ዕቃ ያለበት ቤት አልኖርም ብላ ልብሷን ሣጥን ውስጥ ከተተችና፣ አጋሮ ወንድሟ ጋ ለመሄድ መንገዱ እስኪደርቅ ትጠብቅ ጀመር። እንግዲህ ሚዶው ቢወጣ አባቴን፣ ቢቀመጥ እናቴን ላጣ ነው። ሌላው ልጅ ለኳሱ ሲል ዝናቡ እንዲያባራ ሲለምን እኔ እንዲዘንብ ዱዓ አደርግ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ብቻ ሆነ። አንድ ትሪ ከበን፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ተቀምጠን እናቴ ወጡ ሳይቀዘቅዝ ይብላ በለው ትለኛለች፣ አደርሳለሁ፤ አባቴ ጨው አንሶታል በላት ይለኛል፣ አደርሳለሁ፤ እናቴ «ጨው የሌለውስ እሱ ራሱ ነው በለው» ትላለች። ይህንን ከማድረሴ በፊት ጉርሻዬን አጣድፌ እውጥ ነበር፣ ከዚህ በኋላ ትሪው ይነሳልና። በዚያ ክረምት ከፖስታ ቤት የበለጠ መልእክት አመላልሻለሁ፣ ያውም አንዳቸው እንኳ ሳያመሰግኑኝ።

መስከረም ጠባ፣ ጭቃው ጠና ጠና አለ፣ የእናቴም መሄጃ ቀረበ። ጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ይርጋ የሚባል የኮሌጅ ተማሪ ነበር፣ ከጎጃም የመጣ፣ ሲያስረዳ መነጽሩን አውልቆ የሚይዝ። ሚዶውን ሰርቄ ባሳየው አገላብጦ አየውና ሴሉሎይድ ነው፣ ሲሠራ ጀምሮ ካፉር ይገባበታል፣ ስለዚህ ሲሞቅ ይሸታል እንጂ ሟች የሚባል ነገር የለበትም አለኝ። ይህን ይዤ ወደ አክስቴ ብበር «ለመሆኑ ያ ልጅ ስንት ጀናዛ አጥቧል?» ብላ መለሰችኝ። ለእሷ ማስረጃ የሚሆነው የታጠበ ብቻ ነበር።

ኅዳር ላይ ቡናው ቀልቶ በየደጁ ተሰጣ፣ የጭነት መኪናውም መንገዱን ያዘ። አጋሮ ያለው አጎቴ ቅዳሜ ቡና ልጭን ስመጣ እወስድሻለሁ ብሎ ለእናቴ ላከባት። ሐሙስ ዕለት ይርጋን ዓይን የሚያይ ማረጋገጫ አምጣ ብዬ ያዝኩት፤ በጋለ መርፌ ነካ ሲያደርጉት ይታወቃል፣ ግን፣ ሲለኝ ከ«ግን» በኋላ ያለውን ሳልጠብቅ ሮጥኩ።

በማግስቱ አባቴ ጁምዓ ሊሰግድ፣ እናቴ ጎረቤት ቡና ለቀማ ልታግዝ ሲወጡ፣ መርፌውን ከአባቴ የከሰል ካውያ ውስጥ አግዬ የሚዶውን አንድ ጥርስ ነካሁ። ይርጋ ሊነግረኝ የነበረው ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ሚዶው ፍስስ ብሎ ተቀጣጠለ፣ እስከ ጣሪያው ብልጭ አለ፣ የግራ ቅንድቤንም ይዞ ሄደ። ሰባቱ ፈርጦች ብቻ መሬት ላይ ተበትነው ቀሩ። እነሱን ቁልፉ ጣሳ ውስጥ መለስኳቸው፣ አመዱን ደግሞ ምንጣፉን ገልጬ ከሥር ቀበርኩት፤ የአባቴ መሐላ እንዳይነካ ሚዶው ከቤት አልወጣም እንድል።

እናቴ ተመልሳ ባዶውን ጨርቅ ስታይ አባቴ ለእሷ ሲል መሐላውን በልቶ ሚዶውን የጣለው መሰላት። ሣጥኑን ከፍታ ልብሷን አንድ በአንድ አውጥታ ሰቀለች። ማታ ራት ስታቀርብ እኔን አልፋ ለራሱ ለአባቴ «ሳይቀዘቅዝ ብላ» አለችው። አባቴ በበኩሉ ሚዶውን ቢያጣው፣ ልብሷ ተሰቅሎ ሲያይ፣ እናቴ በመጨረሻ ወዳው ሣጥኗ ውስጥ ያስቀመጠችው መሰለውና እንደ ድል አድራጊ ያንጎራጉር ጀመር። የተሸነፈውን ላለማሳፈር ብለው ሁለቱም ሚዶ የሚባል ነገር ዳግመኛ አላነሱም። ቅዳሜ አጎቴ ምሳውን በልቶ፣ ቡናውን ጭኖ ብቻውን ተመለሰ።

ይርጋ ብቻ ቅንድቤን ሲያይ መነጽሩን አወለቀ።

«ምርመራው እንዴት ሆነ?»

«ሴሉሎይድ ነው።»

«ነበር በል» አለኝና ወደ ክፍሉ ገባ።

አባቴ አላህ ይዘንለትና ካረፈ ቆይቷል። እናቴ ግን ሰርግ በተጠራ ቁጥር ለሙሽራዋ የምትነግራት ታሪክ ይኸው ነው፦ ለሚስቱ ብሎ መሐላውን የበላ ባል። እኔም በእያንዳንዱ ሰርግ ላይ ያ ታሪክ ሲነገር ወጥ ልጨምር ብዬ እነሳለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ሰሚራ ያመጣችውን ሚዶ እናቴ ከእጄ ወስዳ፣ ልክ እኔ እንደማደርገው አሽታ አሸተተችው። «የአባትህ ሚዶ ነው፤ ከጣለበት ተገኘ» አለች። ሞራ በጋረደው ዓይኗ ወደ እኔ ዞራ «አንተ አዋቂው፣ እሱ አይደለም?» አለችኝ። የዚህኛው ፈርጥ ሰማያዊ ነው፣ ቁጥሩም አምስት። «እሱ ነው እማዬ» አልኳት። ሰሚራ ደንበኛ ይዤለት ነበር ብላ ስትነጫነጭ እናቴ ሻሿን ገለጥ አድርጋ ነጭ ፀጉሯ ላይ ሰካችው። ያኔ ቤታችንን ሊያፈርስ የነበረ ሽታ አሁን የአባቴ ሽታ ሆኖላታል፤ ቤቱ ውስጥ እየዞረች እጇን ወደ ራሷ ትሰዳለች፣ ጣቶቿን ታሸታለች።

ሚዶውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ይህንንም እዚህ የጻፍኩት እናቴ ፊደል እንደማይታያት፣ ሰሚራም ከፎቶ በቀር ምንም እንደማታነብ እርግጠኛ ስለሆንኩ ነው።